ነገር በዐውዱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

«ሰውየው ሳለ» የሚል ሁለት ቃል ብቻ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ብናገኝ ምን ተረዳን እንላለን? ጉንፋን ይዞት ሳለ ማለት ይሆን? ሥዕል ሳለ ይሆን? ቢላዋ ሳለ ይሆን? ወይስ «ሰውየው በቤት ሳለ እንግዳ መጣ» ሊባል ተጀምሮ የተቋረጠ ነው? ፊደሉን አንብበናል፤ ነገሩን ግን አላወቅንም። የጎደለን ከቃሉ በፊት፣ በኋላና በዙሪያው ያለው ነው። ይህንን ሊቃውንት «ዐውድ» ይሉታል። ዐውድ በግዕዝ ዙሪያ ማለት ነው፤ ዓመት ዞሮ የሚገጥምበትን በዓል ዐውደ ዓመት የምንለውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ጉዳዩ የሰዋስው ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመምህራን ትተነው ባለፍን ነበር። ነገር ግን በፍልስፍናም፣ በሳይንስም፣ ስለ ሰው ኑሮ በሚደረግ ጥናትም ይኸው ጥያቄ ይነሣል። አንድ ነገር እውነት ነው ለማለት የተነገረበትን ወይም የታየበትን ቦታ፣ ጊዜና ሁኔታ ማወቅ ግድ ነውን? ግድ ከሆነስ እውነት እንደየቦታው ይለያያል ማለት ነውን? አንዳንዶቻችን የመጀመሪያውን ጥያቄ ቸል ብለን በሰማነው ቁራጭ ነገር እንፈርዳለን። ሌሎቻችን ደግሞ ሁለተኛውን ይዘን «ሁሉም እንደየአገሩ ነው፤ ማንም በማንም ላይ ሊናገር አይገባም» እንላለን። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ሁለቱም መንገዶች ከእውነት ያርቃሉ የሚል ነው።

ቃልን ከቦታው መንቀል ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ለማወቅ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ያለውን የፈተና ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ፈታኙ በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ የጠቀሰው የሐሰት መጽሐፍ አልነበረም፤ የጠቀሰው መዝሙረ ዳዊት 90ን ነው። ነገር ግን መላእክት ሰውን የሚጠብቁት በሚሄድበት መንገድ መሆኑን የሚናገረውን ክፍል ዘለለው። ለመንገደኛ የተሰጠውን ተስፋ ራሱን ከከፍታ ለሚወረውር ሰው አደረገው። ከጠራቸው ቃላት አንዱም ሐሰት አልነበረም፤ ሐሰት የሆነው አጠቃቀሙ ነው። እንግዲህ እውነተኛ ቃል እንኳ ከዐውዱ ሲወጣ ለሐሰት ሊያገለግል ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሳይንስ እንምጣ፤ ምሳሌውንም ከደጃችን እንውሰድ። እኛ በካፋ በጫካው ጥላ ሥር የምናውቀው ቡና በሳይንስ ስሙ «ኮፊያ አራቢካ» ይባላል፤ የዓረብ ቡና እንደ ማለት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1753 በመጽሐፉ ያሰፈረው የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ ነበር። ሊኔየስ ሰነፍ ተመራማሪ አልነበረም። ነገር ግን ቡና ወደ አውሮፓ የደረሰው በየመን በኩል ነበር። ሆላንዶች ተክሉን ወደ ጃቫ ወስደው፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1706 ወደ አምስተርዳም የአትክልት ቦታ አድርሰውት ነበር። ሊቁ የቅጠሉንና የአበባውን መልክ ተመልክቶ ቡናን ከሌላው ተክል መለየቱ ትክክል ነበር። የሳተው ተክሉ ያለፈበትን መንገድ የበቀለበት አገር አድርጎ መውሰዱ ላይ ነው። የኋላ ተመራማሪዎች የዚህ ቡና ዘር እጅግ በብዙ ዓይነት የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች መሆኑን አረጋገጡ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

«ስም ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ከስም ያልፋል። በዓለም ላይ የተስፋፋው የአራቢካ ቡና አብዛኛው ከጥቂት ዛፎች የተራባ በመሆኑ ዘሩ ጠባብ ነው፤ በሽታ ሲመጣበትም ቶሎ ይረታል። እነዚያን ዛፎች ብቻ አይቶ «ቡና ይህን በሽታ አይችልም» የሚል ሰው ስለ አትክልት ቦታው እንጂ ስለ ቡና አልተናገረም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የጅማ የምርምር ጣቢያ ሰዎች መድኃኒቱን የፈለጉት ቡናው በተፈጥሮ በሚኖርበት ምድር ነው። በሽታው ወደ በረታባቸው ቦታዎች ሄደው በታመሙት መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች መረጡ። ዛሬም ገበሬ በቁጥር የሚጠራው 74110 የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1974 በኢሉባቦር በመቱ አካባቢ ከተገኘች እናት ዛፍ የመጣ ነው። በኋላም ከደቡብ ምዕራብ የተመረጡ ዝርያዎች ወደ ሐረርጌና ወደ ሲዳሞ ሲወሰዱ እንደ ትውልድ ቦታቸው አልሆኑም፤ የየአካባቢውንም የቡና ጣዕም አልሰጡም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ለየአካባቢው ከዚያው አካባቢ ቡና መምረጥ ጀመሩ። መልካም ዛፍ እንኳ «የት?» ተብሎ ይጠየቅበታል።

የዶክተር አክሊሉ ለማም ሥራ ይህንኑ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ የቢልሐርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። እንዶድ ለእናቶቻችን ሳሙና ነበር፤ በዚያች ወንዝ ዳር ግን የበሽታ መከላከያ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪው ቀንድ አውጣውን ብቻ በጠርሙስ ይዘው ወደ ቤተ ሙከራ ሄደው ቢሆን ኖሮ፣ ከወንዙ በላይ የታጠበውን ልብስ ማን ይነግራቸው ነበር? ቤተ ሙከራው ግኝቱን ለማረጋገጥ ጠቅሟል፤ ጥያቄው ግን የተወለደው ወንዝ ዳር ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ እውነት በየቦታው ሌላ ነው» የሚል ቢኖር የሚፈላ ውኃ ይመልስለታል። ውኃ በባሕር ወለል አጠገብ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሁለት እውነት አለ ማለት ነውን? አይደለም። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱም ሲቀንስ ውኃው ቶሎ ይፈላል። አንዱ ሕግ ሁለቱንም ይገልጻል። ዐውዱን የረሳ ሰው 100 የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዞ ይከራከራል፤ ዐውዱን የመረመረ ግን ከቁጥሩ አልፎ ሕጉን ያገኛል። ስለዚህ ዐውድ እውነትን አይሸራርፍም፤ ይልቁንም ሰፊውን እውነት ያሳያል።

በፍልስፍናም ረገድ በአገራችን ብዙ የተባለለት የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ አለ። መጽሐፉ ራሱ እንደሚተርከው፣ ጸሐፊው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በካቶሊክና በተዋሕዶ እምነት መካከል በተነሣው ክርክር ተሰዶ በዋሻ ሲኖር እነዚያን ጥያቄዎች አሰበ። የብራና ቅጂውን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለአንቷን ዳባዲ የላከለት ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣልያዊ ሚሲዮናዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ሲል ጻፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከሙ፤ ክርክሩም አልተዘጋም። እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። «ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት ጻፈው?» የሚለው ያለ ዐውድ አይመለስም። «የተጻፈው ትክክል ነውን?» የሚለው ግን በጸሐፊው ዜግነት አይፈረድም። በሐተታው ውስጥ ከቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ጋር የማይስማማ አሳብ አለ፤ ልንመልስለት የሚገባን ግን በምክንያት እንጂ «ፈረንጅ ነው የጻፈው» ወይም «የእኛ ሰው ነው የጻፈው» በማለት አይደለም። ዐውድ አንድን አሳብ እንድንረዳው ያግዘናል፤ ስለ እኛ ሆኖ ግን አያስብልንም።

ነገሩ ይበልጥ የሚከብደው ስለ ሰው ሲጠና ነው። ድንጋይ ጠያቂውን አይቶ መልሱን አይለውጥም፤ ሰው ግን ይለውጣል። አንድ አጥኚ መጠይቁን ይዞ መጥቶ አንዱን ችግረኛ በባለ ሥልጣንና በጎረቤት ፊት «ከሰው ጋር ተስማምተህ ትኖራለህን?» ቢለው «አዎን» የሚል መልስ ይጽፋል። ያው ሰው ማታ በቤቱ ምን እንደሚል ግን ወረቀቱ አያውቅም። ስለ ካፋ የተጻፉትንም መጻሕፍት በዚሁ ዓይን ማንበብ ይገባል። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ወደ ካፋ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ ሰፊውን መጽሐፉንም በ1920 እና በ1923 በሁለት ክፍል አሳተመ። ሥራው ብዙ ነገር ከመረሳት አድኗል። አንባቢ ግን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ የተማረኩትና የካፋ መንግሥት የወደቀው በ1897 መሆኑን፣ ቢበርም የደረሰው ከጦርነቱ ከስምንት ዓመት በኋላ መሆኑን ሊያስታውስ ይገባዋል። ያጠናው የቆመውን ቤት ሳይሆን የፈረሰውን ነበር፤ የሰማውም ከተረፉት ነው።

ይህን ሁሉ ያልነው ወደ ራሳችን ለመመለስ ነው። በካፋ ምድር ማንጆ ተብለው የሚጠሩ ወገኖቻችን አሉ። ብዙ ዘመን ሌላው ሰው አብሯቸው አልበላም፣ አልጠጣም፤ ልጁን አልሰጣቸውም፣ ከእነርሱም አላገባም። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚበሉት የዱር አራዊት ሥጋ ይነሣል፤ ከሰልና ማገዶ መሸጣቸውም እንደ ነውር ይቆጠራል። ይህ ከዐውዱ የተነቀለ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች የጫካ አዳኞች ነበሩ፤ በቀድሞው መንግሥት ዘመንም በድንበር በሮች ላይ ዘብ ሆነው አገር ይጠብቁ ነበር። ለእርሻ የሚሆን በቂ መሬት ያላገኘ፣ አደኑ የቀረበት፣ ጫካውም የሳሳበት ሰው ምን ይሸጥ? ከሰሉን የተሸከመበትን ምክንያት ሳንጠይቅ ጥቁረቱን ብቻ ካየን፣ የኑሮውን ችግር የባሕርዩ ጉድለት አደረግነው ማለት ነው። ከትእዛዛቱ አንዱ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን ይከለክላል። እንዲህ ያለው ፍርድ ሰው በአደባባይ ባይምልበትም የሐሰት ምስክርነት ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ያው ዐውድ የሚለው ቃል ለበደለኛውም መጠለያ ሊሆን ይችላልና። «ምን እናድርግ፣ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው፤ የአካባቢውን ባህል ተረዱልን» የሚል ክርክር እንሰማለን። ልማዱ ከየት እንደ መጣ መረዳት ተገቢ ነው፤ መረዳት ግን ማጽደቅ አይደለም። ሐኪም የበሽታውን መነሻ የሚመረምረው በሽታውን ሊፈውስ እንጂ ሊያቆየው አይደለም። በዕለት ኑሯችን ብዙ ጊዜ ሚዛናችን የተገለበጠ ነው፤ እኛ ስንሳሳት ሁኔታችን እንዲታይልን እንለምናለን፤ ሌላው ሲሳሳት ግን ፍርዱ ወዲያው እንዲሰጥ እንቸኩላለን። ዐውድን በትክክል የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ የሌላውን ሁኔታ ይጠይቃል፤ የራሱን ሰበብ ግን በመጨረሻ ያመጣል።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ጌታችን በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ከሳምራዊቷ ሴት ጋር ሲነጋገር እናያለን። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም ነበር፤ ሴቲቱም ይህንኑ አስታውሳ ተደነቀች። ጌታችን የአገሩን ልማድ ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም። የጠቡን ምክንያት፣ የሴቲቱንም የኑሮ ታሪክ አንድ በአንድ ያውቅ ነበር። ሁሉን እያወቀ ከእርስዋ ውኃ ለመነ፤ እውነቱንም አልደበቀባትም። ስለዚህ የሰውን ሁኔታ ማወቅ ወደ ሰው መቅረቢያ እንጂ ከሰው መራቂያ አይደለም።

እኛም በዋጫና በአካባቢዋ የምንኖር ወጣቶች መጽሐፍ ስናነብ ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ያለውን እናንብብ። «ጥናት እንዲህ ይላል» ሲባል የት፣ መቼ፣ ማንን ጠይቆ እንደ ሆነ እንጠይቅ። ስለ ሰው ሲወራ ያልተነገረው ምንድር ነው እንበል። ከዚህም ሁሉ በኋላ አንድ ፈተና ይቀርልናል። በጽዋ ማኅበር ስንሰበሰብ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ማን ጋ ሲደርስ ነው የሚቆመው? የሚቆምበት ቦታ ካለ፣ ስለ ዐውድ የተማርነው ገና ከወረቀት አልወጣም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።