ቆጣሪ የሌለው ጎረቤት

ልጆቼ፣ እሑድ እዚህ ሊባኖስ ዶራ ላይ ስንገናኝ ከአፋችሁ የማይጠፋ ቃል አለ፤ «መንግሥት የለም»። መብራት ሲጠፋም፣ ቆሻሻ ሲቆለልም፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ሲታጣም ያው ናት። ዕድሜዬን እዚህ ጨርሻለሁና ስሙኝ። ሊባኖስ መንግሥት አጥታ አይደለም። ያላት መንግሥት ሁሉ በእጄ ይሁን ብሎ ጨብጦ አንዱንም ያላደረሰ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«ደውሌ» የምንለው የመንግሥት መብራት ከ1964 ጀምሮ በአንድ ድርጅት እጅ ነው (ዓመቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ)። ታሪፉ ከ1994 አንስቶ ሳይነካ ኖረ። ነዳጅ ሲወደድ የመብራት ዋጋ ግን እዚያው። ለድሃ ታዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ ጉድለቱን ግምጃ ቤቱ ይሞላ ነበር፣ ግምጃ ቤቱን ደግሞ ብድር ይሞላው ነበር። ገንዘቡ ሲያልቅ ነዳጁም አለቀ፤ ኦክቶበር 9 ቀን 2021 ዴር ዓማርና ዘህራኒ ያሉት ሁለት ትልልቅ ጣቢያዎች ቆመው አገሩ በሙሉ ጨለመ። ታሪፉ የተነሳው በ2022 መጨረሻ ነው፤ ያኔ ሊራው ከወደቀ፣ የሰው ቁጠባም ባንክ ውስጥ ከቀለጠ በኋላ።

ታዲያ በደውሌ ፈንታ ማን መጣ? በጄኔሬተር መብራት የሚሸጠው የሰፈሩ ባለ ሞተር። ኢሽቲራክ የምትሉትን የወር ክፍያ የምትከፍሉት ለእሱ ነው። በአምስት አምፔር ፍሪጅና ቴሌቪዥን ይዛችሁ ካውያ ስትሰኩ ቤቱ ጭልም ይልና ማዳም የምትጮኸው በዚህ ምክንያት ነው። ባለ ሞተሩ የሰፈር ሰው ነው፣ ቤቱ ይታወቃል፣ ገንዘብ የሚሰበስበው ልጅም በስም ይጠራችኋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል የእኛ ሰው፤ እውነት ነው። ግን ይህ ጎረቤት ለብዙ ዓመት ቆጣሪ አልነበረውም። መብራቱን ተጠቀምሽም አልተጠቀምሽም በአምፔር ቆርጦ ያስከፍል ነበር። ደንበኛው ተናድዶ ወደ ሌላ ባለ ሞተር እንዳይሄድ፣ ሰፈሩ የተያዘው በአንድ ሰው ነው። ቅርብ ሆኖም ጌታ መሆን ይቻላል ማለት ነው።

በ2018 መንግሥት ባለ ሞተሮቹ ሁሉ ቆጣሪ እንዲያስገቡ አዘዘ፤ ያን ጊዜ የተነሳውን ጫጫታ የሚያስታውስ ያስታውሳል። እኔ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ መንግሥት የሠራው የመንግሥት ሥራ ያቺ ትመስለኛለች። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም እንላለን፤ መጀመሪያ ግን ቁና ይኑር። መንግሥት እህሉን ልሽጥ፣ ልጫን፣ ላከፋፍል ካለ ገበያውን ያስርባል፤ ቁናውን ከጠበቀ ግን ሻጩም ገዢውም ይኖራል።

ተራራውን ተሻግራችሁ ዘህሌ ብትሄዱ ይህን ታያላችሁ። እዚያ የከተማዋ መብራት ከጥንት ጀምሮ በአካባቢው ኩባንያ በኮንትራት የተያዘ ነው፤ በ2015 ኩባንያው ቤይሩት ያላየችውን የ24 ሰዓት መብራት ሰጠ። ቢሉ ርካሽ ነበር አልልም፤ ነገር ግን በቆጣሪ የሚመጣ አንድ ቢል ነው። ቤይሩት ሁለት ትከፍላለች።

አሁን ደግሞ ባለዲዬ ወደሚሉት ማዘጋጃ ቤት ልምጣ። ቤይሩት ከተማ የመረጠችው ምክር ቤት ይወስናል፤ የሚያስፈጽመው ግን ካቢኔው የሾመው አገረ ገዢ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ቡርጅ ሐሙድና ሌሎቹ ዳርቻዎች የራሳቸው የተመረጠ ሊቀመንበር አላቸው። በዚህ ብቻ እንዳትደሰቱ። ሊባኖሳዊ የሚመርጠው በሚኖርበት ሰፈር አይደለም፤ የቤተሰቡ መዝገብ ባለበት የአባቱ መንደር ነው። ዳሂዬ ወይም ቡርጅ ሐሙድ ሠላሳ ዓመት የኖረ፣ ለባለዲዬው የሚከፍል፣ ድምፁ ግን ደቡብ ተራራ ላይ የቀረ ሰው ስንት አለ! ምርጫውም ቢሆን እንደ ዝናብ ነው፤ ከ1963 በኋላ እስከ 1998 አልተደረገም፣ በ2022 ይደረጋል ተብሎ በየዓመቱ ሲራዘም እስከ 2025 ቆየ።

በ2015 የናዕሜ ቆሻሻ መጣያ ሲዘጋ መንገዱ እንዴት እንደገማ የነበራችሁ ታውቃላችሁ። የቤይሩትና የጀበል ሉብናን ቆሻሻ ሁሉ ለዓመታት ለአንድ ኩባንያ ተሰጥቶ፣ ክፍያው ከማዘጋጃ ቤቶቹ የጋራ ፈንድ ላይ ከማዕከል ይቆረጥ ነበር። ገንዘቡ የእነሱ፣ ውሉ የሌላ ሰው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ሹም ባለበት፣ እንዲህ ያለ ከሩቅ የሚቆረጥ ገንዘብ ማን ይጠይቃል? ቢክፋያ የምትባለው ከተማ ግን የራሷን መለያ ጣቢያ ከፍታ ቆሻሻዋን ራሷ መለየት ጀመረች።

እኔ እንከባከባቸው የነበሩ አዛውንት፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፤ ስለ ግብር ሲያወሩ ሁልጊዜ 1861ን ያነሱ ነበር። ያኔ የሊባኖስ ተራራ በቱርክ ሥር ራሱን ሲያስተዳድር፣ ከተራራው የተሰበሰበው ግብር መጀመሪያ ለተራራው አስተዳደር እንዲውል፣ የተረፈው ብቻ ወደ ኢስታንቡል እንዲሄድ ተጽፎ ነበር። ይህን ከሰማሁ በኋላ የ2019ኙን አየሁ፤ በዋትሳፕ ለሚደረግ ጥሪ በወር 6 ዶላር ይከፈል ተባለ። ከእናቷ ጋር በስልክ ብቻ የምትገናኝ ልጅ ይህን ስትሰማ ምን እንዳለች እኔ አልነግራችሁም። ኦክቶበር 17 ሕዝቡ ወጣ፣ ግብሩ በዚያው ምሽት ተሻረ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ወር ሳይሞላ ለቀቁ።

ትምህርት ቤት ላይ ሊባኖሶቹ አንድ ብልሃት አላቸው። የ1926ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 10 ማኅበረሰቦች የራሳቸውን ትምህርት ቤት የማቋቋም መብታቸው እንዳይነካ ይላል፤ የመንግሥትን አጠቃላይ ደንብ እስካከበሩ ድረስ። የቡርጅ ሐሙድ አርመኖች ከእልቂት ተርፈው በድንኳን የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ። ትምህርት ቤታቸውን ራሳቸው ሠሩ፣ በቋንቋቸው ያስተምራሉ፣ ልጁ ግን የመንግሥቱን ፈተና እንደማንም ሊባኖሳዊ ይፈተናል። ፈተናው ቁናው ነው። በ2023 መጀመሪያ የመንግሥት መምህራን ደሞዛቸው ሟምቶ ሥራ ሲያቆሙ የግሎቹ ቀጠሉ። ድሃው ግን ዶላር ስለሌለው ቤት ቀረ፤ ይህን የሚደብቅ መካሪ አትስሙ።

ሌላም የማልደብቃችሁ አለ። ከ2014 ጀምሮ ብዙ ባለዲዬዎች በሶሪያ ስደተኞችና በውጭ ሠራተኞች ላይ የሰዓት እላፊ አውጥተዋል። ያን ያደረገው ሩቅ ያለ ሚኒስትር ሳይሆን የቅርቡ ሹም ነው። ስለዚህ «ሥልጣን ወደ ሰፈር ይውረድ» ስል፣ ሰፈሩም ሊያልፈው የማይችለው አጥር ይኑር ማለቴ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ተብሎ የኖረ ሕዝብ ልጆች ነንና፣ ትንሹን ንጉሥም መክሰስ መቻል አለብን።

እኛስ? በ2020 ክረምት አሠሪዎች ሴቶቻችንን ከነሻንጣቸው ሐዝሚዬ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለው ሲሄዱ ምግብና መጠለያ ይዘው ከደረሱት ውስጥ «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው ማኅበር አለ፤ በ2017 ራሳቸው የቤት ሠራተኞች ያቋቋሙት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ሲታይ ነው።

እንግዲህ እናንተም ዕድር ብታቋቁሙ በዚህ ልክ ስፉት። ገንዘብ ያዥዋ ጓደኛችሁ ብትሆንም መዝገቡን በየወሩ ለሁሉም ታንብብ። መዋጮ የማትችል ልጅ ብትታመም በስንት ገንዘብ እንደምትረዷት አስቀድማችሁ ጻፉ። መውጣት የምትፈልግ አትታሰር። አገር ቤት የምትመለሱትም ቀበሌ ለመንገድ ወይም ለትምህርት ቤት መዋጮ ሲጠራ ከፍላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይም ተነሥታችሁ ሒሳቡን ጠይቁ።