«አብሽሪ» ስንላት ምን ይዘን ነው?



በከሚሴም በባቲም ሰው ሲከፋው «አብሽር»፣ «አብሽሪ» እንላለን። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የምሥራች ከመስማት ጋር የተያያዘ ነው። ታዲያ ልጇ የስኳር ሕመም ያለበትን እናት «አብሽሪ» ስንላት ምን የምሥራች ይዘንላት ነው?

ይህች እናት በየቀኑ የገዛ ልጇን በመርፌ ትወጋለች። ሌሊት ስኳሩ ወርዶ እንዳይሆን እየተነሳች ግንባሩን ትዳስሳለች። እኛ ግን «ጣፋጭ አብዝተሽበት ነው» እንላታለን። ሐቁ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ በልጅነት የሚጀምረው ስኳር የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን የሚያመርተውን የቆሽት ክፍል ሲያጠቃ ነው። ከረሜላም አላመጣውም፣ እናቱም አላመጣችበትም።

ስታለቅስ ደግሞ «ሶብር አድርጊ» ብለን እንነሳለን። ሶብር አለማልቀስ ነው ያለው ማን ነው? ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ አልቅሰዋል። ጭንቀታቸውን ለአሏህ ይናገሩ ነበር፤ ሶብራቸው ግን አልጎደለም። ሐዘናቸውን የነቀፉት በዙሪያቸው የነበሩት ናቸው። እኛስ ከየትኛው ወገን ነን?

ሶብር የእሷ ፈተና ነው። የእኛ ፈተና ደግሞ ሸክሟን ማቅለል ነው። የራሳችንን ድርሻ ሳንወጣ እሷን ሶብር ማዘዝ ተገቢ ነውን?

የቆላው ሙቀት ኢንሱሊንን ያበላሻል፤ ፍሪጅ ያለው ጎረቤት አንድ ጥግ ይስጣት። ለክትትል ደሴ ስትሄድ የቀሩትን ልጆች የሚይዝላት ይኑር። የመድረሳው ኡስታዝ ልጁ ሲንቀጠቀጥና ሲያልበው ቶሎ ስኳር ያለው ነገር መስጠት እንዳለበት ይወቅ። ሩቅያና ዱዓ ከመርፌው ጋር ነው እንጂ በመርፌው ፋንታ አይደለም። ኢንሱሊን ያቋረጠ ልጅ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ከሚሴን ሲያዳርስ እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ቤት ምን ያህል እንደተጨነቀ እስቲ አስቡት።

የምሥራቹም አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አሏህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ አስተምረውናል። እ.ኤ.አ. በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢንሱሊን ታከመ። ከዚያ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ብዙም አይቆይም ነበር። ኢንሱሊን ሕመሙን ባያጠፋውም፣ ዛሬ መርፌውን ሳያቋርጥ የሚከታተል ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ አግብቶ፣ ወልዶ መኖር ይችላል። ይህን ንገሯት።

ዛሬ ከጁምዓ ሶላት መልስ እንዲህ ያለ አንድ ቤት ዘይሩ። ምክር ከመስጠታችሁ በፊት «ምን ላግዝሽ?» በሏት፤ መልሷንም ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

ያ አሏህ! የታመሙ ልጆቻችንን አሽራቸው፤ ለወላጆቻቸው ብርታትን፣ ለእኛም የሚያዝን ልብ ስጠን። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!