ወንጭፉና ተዋጊው ጄት

በልጅነቴ አንበሳሜ አቅራቢያ፣ ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቼ ወፍ እጠብቅ ነበር። ሰማዩ ላይ ነጭ መስመር እየጎተተ የሚያልፍ ጄት ሲታየኝ ወንጭፌን ጥዬ አንጋጥጬ እቀራለሁ። አብራሪ ማለት ለእኔ ፍርሃት ያልፈጠረበት ሰው ነበር። ይህን ሐሳቤን ከዓመታት በኋላ ያቃናልኝ ያው የጣልኩት ወንጭፍ ነው።

ወንጭፍ ያዞረ ሰው ያውቀዋል። ድንጋዩ ከታች ወደ ላይ ሲዞር አናት ላይ ደርሶ አይወድቅም። ፍጥነቱ እስካለ ድረስ ገመዱን ወጥሮ እጅን ወደ ውጭ ይጎትታል። በቢሾፍቱ፣ በአየር ኃይል በዓል ላይ ጄት ተገልብጦ ክብ ሲሠራ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ በድንጋዩ ቦታ ግን ሰው ተቀምጧል። አብራሪው በኃይል ሲታጠፍ ክብደቱ በ6 እጥፍ ቢጨምር፣ 5 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ጭንቅላቱ 30 ኪሎ ትሆንበታለች። ደሙ ወደ እግሩ ይሸሻል። መጀመሪያ ቀለም ይደበዝዝበታል፣ ቀጥሎ ዙሪያው ይጨልማል፣ ካልተቋቋመው ራሱን ይስታል። ስለዚህ ጭኑንና ሆዱን ይወጥራል፣ ትንፋሹን እየቆረጠ ይስባል፤ የለበሰው ልዩ ሱሪም በአየር ተነፍቶ እግሩንና ሆዱን አጥብቆ ይይዝለታል። በዚህ ሁሉ መካከል ፍጥነቱን፣ ከፍታውንና አጠገቡ የሚበረውን ጓዱን መከታተል አለበት።

ይህ ሙያ በሕይወትና በሞት መካከል የተፈተነበትን ጊዜ አገራችን ታውቀዋለች። በሐምሌ 1969 ዓ.ም የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ሲገባ፣ ከመጡት አውሮፕላኖች መካከል በሰዓት ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበርረው ሚግ-21 ይገኝ ነበር። የእኛዎቹ ኤፍ-5 ጄቶች ቁጥራቸው ጥቂት ነበር፤ በቀጥታ ሩጫም ሚጉን አይደርሱበትም። ሆኖም በአየር ላይ ውጊያው የበላይነቱን የያዙት የኢትዮጵያ አብራሪዎች ሆኑ። ከእነዚህ አንዱ በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል የሆኑት ለገሠ ተፈራ ናቸው።

ምስጢሩ ምን ነበር? ድፍረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ድፍረት በሁለቱም ወገን ነበረ። ኤፍ-5 ትንሽና በቀላሉ የሚታጠፍ ነው፤ አብራሪዎቻችንም የአውሮፕላናቸውን ድካምና ብርታት ለይተው ያውቁ ነበር። በሩጫ ከመፎካከር ይልቅ መታጠፊያው ውስጥ አስገብተው ይገጥማሉ። በጥንድ ይበርራሉ፤ አንዱ ሲያጠቃ ሌላው ጀርባውን ይጠብቅለታል፣ እንደ ተጠመደ በሬ አንዱ ያለ ሌላው አይራመድም። መሬት ላይ ደግሞ በራዳር አቅጣጫ የሚነግራቸው፣ ሞተሩን የሚፈትሽላቸውና ሚሳኤሉን የሚያስርላቸው ባለሙያ አለ። ሰማይ ላይ በሰኮንዶች የሚያልቀው ፍልሚያ፣ በሰላሙ ጊዜ በብዙ ዓመት ልምምድ ተከፍሎበታል።

ከዚያ ጭብጨባ የሌለበት ፈተና መጣ። በዚያው ጦርነት የለገሠ አውሮፕላን ተመታና ተማረኩ። ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1980 ዓ.ም፣ ሁለቱ መንግሥታት ምርኮኛ ሲለዋወጡ ነው። 11 ዓመት! ሰማይን ሲያቋርጥ የኖረ ሰው በግድግዳ መካከል 11 ዓመት ጠበቀ። አገራቸው ከፍተኛውን የጀግና ሜዳይ ሸለመቻቸው። እኔ ግን ሜዳዩን ሳስብ ከወደቁት ሚጎች እኩል እነዚያን ዓመታት አስባለሁ። ደሙ ከአንጎሉ ሲሸሽ ሆዱን አጥብቆ ትንፋሹን መግዛት የለመደ ሰው፣ ቀኑ ሲጨልምበትም ራሱን ለመግዛት ስንቅ ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለልጆቻችን የምናወርሰው አድናቆትን ከጥያቄ ጋር ነው። ጀግናን «ደፋር ነበር» ብለን ካለፍነው ለልጁ የምንሰጠው ነገር የለም፤ ድፍረትን ማስተማር አይቻልምና። «እንዴት ተዘጋጀ? ማን ጀርባውን ጠበቀለት?» ብለን ስንነግረው ግን የሚይዘው መንገድ ያገኛል።

ባለፈው አገሬ ስገባ ማማ ላይ አንድ ልጅ አገኘሁ። ከባሕር ዳር በኩል የመጣ አውሮፕላን ሲያልፍ፣ እንደ እኔው አንጋጠጠ። ወንጭፉን አንስቼ ድንጋይ አስገባሁና በጎኔ በኩል አዞርኩለት። ልጁ ሰማዩን ትቶ ድንጋዩን በዓይኑ ተከተለ።

«ጋሼ፣ ሲገለበጥ ለምን አይወድቅም?» አለኝ።

ወንጭፉን መልሼ እጁ ላይ አደረግሁለት። «አንተው አዙረህ እየው» አልኩት።