ትንሿ ሽጉጥና የባለቤቷ ሕሊና

ሰውን ሊገድል የሚችል መሣሪያ ለመዝናኛ ብሎ መግዛት ይገባልን? ጥያቄው በአገራችን ለሚኖር አንባቢ ሩቅ ይመስል ይሆናል፤ በእኛ ዘንድ ጠመንጃ በቤት ምሰሶ ላይ የሚሰቀለው ለክብር፣ ርስትንና ከብትን ለመጠበቅ፣ አልፎ አልፎም ለሠርግና ለልቅሶ ተኩስ እንጂ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሲመቱ ለመዋል አይደለምና። በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ አገር 200 ዶላር በማይሞላ ዋጋ አንዲት ትንሽ ሽጉጥ ከነሣጥኗ ትሸጣለች፤ ገዢዋም ብዙውን ጊዜ ጠላት ያለበት ሰው ሳይሆን፣ ከልጁ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ዒላማ ሲመታ መዋል የሚወድ ሰላማዊ ሠራተኛ ነው። ወደዚያ የተሻገሩ ወገኖቻችንም፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘና ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ምርመራውን አልፎ እንዲገዛ የአገሪቱ ሕግ ስለሚፈቅድ፣ በሥራ ባልደረባ ግብዣ ወደ ተኩስ መለማመጃ ስፍራ ሄደው፣ ነገሩን ወደውት የሚመለሱ አሉባቸው። እንግዲህ ጥያቄው እንደሚመስለው ሩቅ አይደለም።

ስለ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደምንናገር አስቀድመን እንግለጽ፤ ነገሩን ሳያውቁ መፍረድ ለማንም አይበጅምና። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ይህች ሽጉጥ መልኳን የወረሰችው ከኮልት ፋብሪካ የ1873 ሽጉጥ ሲሆን፣ ይኸውም በፊልም የከብት እረኞች በወገባቸው ታጥቀውት የምናየው ነው። ኮልት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህን ሽጉጥ መሥራት አቁሞ ገና ሳይመለስበት፣ ሩገር የተባለው ድርጅት በ1953 ሲንግል ሲክስ ብሎ የሰየመውን በትንሽ ጥይት የሚሠራ አምሳያ አወጣ። ዛሬ በዋጋቸው ዝቅተኛነት የታወቁት ሄሪቴጅ የተባለው ፋብሪካ የሚሠራው ራፍ ራይደርና ራሱ ሩገር በ2019 ያወጣው ራንግለር ናቸው።

አሠራሯ ዝግተኛ ነው። ጥይቶቹ በጎኗ ባለች ትንሽ በር በኩል አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ባዶዎቹ ቀለሆችም በዘንግ እየተገፉ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ለእያንዳንዱ ተኩስ መዶሻው በአውራ ጣት ወደ ኋላ መሳብ አለበት፤ የምላጩ ሥራ የተሳበውን መዶሻ መልቀቅ ብቻ ነው። ጥይቷ ካሊበር 22 ትባላለች። በትልልቆቹ ጥይቶች እሳት የሚያጭረው ቅመም በቀለሁ ግርጌ መካከል በተተከለች ትንሽ ክዳን ውስጥ ሲገኝ፣ በዚህች ግን በቀለሁ ጠርዝ ዙሪያ ተቀብሮ ይኖራል፤ ጠርዙ ሲመታ ይቀጣጠላል። ስሚዝና ዌሰን ይህን አሠራር ይዞ የመጀመሪያውን ሽጉጡን ለገበያ ያቀረበው በ1857 ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚተኮሰው ረዘም ያለው ዓይነት ደግሞ በ1887 ወጣ። ለመሥራት የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ስለሆነ ጥይቱ በሳንቲሞች ይሸጣል፤ ግፊቱም ለጀማሪ እጅ አይከብድም። የተወዳጅነቷ ምክንያት ይኸው ነው።

ነገሩን በጥርጣሬ ዓይን ብቻ እንድንመለከት የሚያስገድደን የለም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ፣ አካል ዕረፍት እንደሚሻ ሁሉ ነፍስም ጨዋታን እንደምትሻ፣ በልክ የሆነ መዝናናትም ከምግባረ ሠናይ እንደሚቆጠር አስተምሯል። ይህች ሽጉጥ ደግሞ በዝግታዋ የራሷ ትምህርት አላት። ተኳሹ ትንፋሹን መግታት፣ እጁን ማጽናት፣ ዓይኑን ከዒላማው ሳይሆን ከማነጣጠሪያው ጫፍ ላይ ማሳረፍ፣ ምላጩንም ሳይነጥቅ በቀስታ መሳብ ይማራል። ስቶ እንደሆነ ስሕተቱን በሌላ ላይ ሊያላክክ አይችልም፤ ቀዳዳው በወረቀቱ ላይ ይታያል። ከስድስት ተኩስ በኋላም ወዶም ሆነ ሳይወድ ያርፋል፤ ባዶውን እያወጣ፣ ሙሉውን እያስገባ ያስባል። በአንድ ጊዜ ሠላሳ ጥይት የሚያዘንብ መሣሪያ እንዲህ ያለውን ጊዜ አይሰጥም። ትዕግሥትን ከሚያስተምሩ የእጅ ሥራዎች ተራ ልትመደብ የምትችል ጨዋታ ናት ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

በዚህ ላይ ግን አንዳንድ የአሜሪካ ካቶሊኮች ከልክ አልፈዋል። በ1920 ቅድስናው የታወጀለትን ጣሊያናዊውን ወጣት ቅዱስ ገብርኤል ፖሴንቲን የሽጉጥ ባለቤቶች ጠባቂ ለማድረግ ማኅበር አቋቁመው ሲደክሙ ኖረዋል፤ በ1860 ወታደሮች መንደር ሊዘርፉ በመጡ ጊዜ እንሽላሊት በአንድ ጥይት መትቶ አስደንግጦ አባረራቸው በሚል ታሪክ ተመርኩዘው ነው። ታሪኩን የሚጠራጠሩት ብዙዎች ናቸው፤ ቫቲካንም ይህን ማዕርግ አልሰጠችውም። በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በወጣትነቱ ያረፈው መነኩሴ በትዕግሥቱና በጸሎቱ ቢታወስ ይበቃዋል። ጨዋታን ጨዋታ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ ዕጣን ማጠን ግን ሌላ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ሰውን የሚያስተው «ትንሽ ናት» የሚለው ቃል ነው። በሰኔ 1968 ሮበርት ኬኔዲ በሎስ አንጀለስ የተገደለው በካሊበር 22 ሽጉጥ ነው። በመጋቢት 1981 ፕሬዚዳንት ሬገንን በዋሽንግተን ያቆሰለችውም ዳላስ ከሚገኝ የመያዣ ሱቅ በርካሽ የተገዛች የዚሁ ካሊበር ሽጉጥ ነበረች። በዚያው ዕለት በራሱ ላይ የተመታው የፕሬዚዳንቱ ቃል አቀባይ ጄምስ ብሬዲ ቀሪ ዘመኑን አካሉ እንደተጎዳ ኖሮ በ2014 ሲሞት፣ የሞቱ ምክንያት ያ ጥንታዊ ቁስል እንደሆነ ሐኪሞች ወስነዋል። እነዚያ ሽጉጦች በአሠራር ከምንናገርላት ይለያሉ፤ የጥይታቸው ልክ ግን ያው ነው። ሦስት ግራም የማትሞላ እርሳስ ወደ ላይ አዘንብላ ከተተኮሰች ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች፤ ከድንጋይና ከውኃ ላይም ነጥራ ያልታሰበ አቅጣጫ ትይዛለች። እንግዲህ መጫወቻ የሆነው ተኩሱ እንጂ ሽጉጧ አይደለችም።

የቀድሞ ሰዎች ይህን በልማድ ያውቁት ነበር። በጥንታዊው አሠራር መዶሻው በጥይቱ ላይ ያርፍ ስለነበር፣ ስድስት ጥይት የጎረሰች ሽጉጥ ብትወድቅ ልትተኩስ ትችል ነበር፤ ስለዚህ አስተዋይ ሰው አምስት ብቻ አጉርሶ መዶሻውን በባዶው ቤት ላይ ያሳርፈው ነበር። ሩገር በ1973 ምላጩ ካልተሳበ በቀር ምቱን የማያስተላልፍ ብረት ጨመረ፤ ከዚያ በፊት የተሠሩትንም ያለ ዋጋ እንደሚያስተካክል አሳውቋል። ራፍ ራይደር ደግሞ በጎኗ በጣት የሚንቀሳቀስ መጠበቂያ አላት። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም ጥንቃቄው ከሰው እጅ ወደ ብረቱ በተዛወረ መጠን የባለቤቱ ልማድ እየላላ እንዳይሄድ ያሰጋናል፤ ብረቱ የሚያውቀው መውደቅን እንጂ የልጅ ጣትን አይደለም።

አሁን ደግሞ ስለ ዋጋው። ርካሽ ሽጉጥን በሕግ ማገድ በአሜሪካ የቆየ ክርክር ነው። በ1968 የወጣው ሕግ ትንንሽ ርካሽ ሽጉጦች ከውጭ እንዳይገቡ ሲከለክል፣ ነጋዴዎቹ ክፍሎቹን አስገብተው በፍሎሪዳ መገጣጠም ጀመሩ፤ ሬገንን ያቆሰለችው ከእነዚሁ አንዷ ናት። የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ደግሞ ዋና አካላቸው ከዚንክ ቅልቅል ተቀልጦ የተሠራና ከ800 ፋራናይት በታች በሆነ ሙቀት የሚቀልጡ ሽጉጦች በነጋዴ እንዳይሸጡ ደንግጓል። እንዲህ ያለውን ሕግ የሚነቅፉ ሰዎች፣ ባለጸጋው በሺህ ዶላር የሚገዛውን መብት ድሃው በመቶ ዶላር ስለገዛው ብቻ ለምን ይነፈጋል ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ድህነትን በራሱ እንደ ጥፋት ምልክት የሚቆጥር ሕግ ፍትሕ ይጎድለዋልና። እኛም የዋጋዋን ማነስ አንነቅፍም። የሚያሳስበን ሌላ ነው። ሰው ብዙ የከፈለበትን ዕቃ ሲገዛ ያመነታል፤ ሚስቱን ያማክራል፣ ቦታ ያዘጋጅለታል። ከጫማ ጥቂት ከፍ ባለ ዋጋ የገዛትን ግን ከጫማው ጋር በአልጋ ሥር ያኖራታል። በ2005 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሽጉጥ ሲሸጥ መቆለፊያ አብሮ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ያ መቆለፊያ በስንት ቤት ከነላስቲኩ እንደተቀመጠ ባለቤቶቹ ያውቃሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በ2021 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች መካከል 26,328ቱ የሞቱት በገዛ እጃቸው ነው። በዜና የሚነገረው ግድያው ነው፤ ይህ ሌላው ሞት ግን በዝምታ ይቀበራል። ስለ ሽጉጥ ስናስብ ከውጭ የሚመጣውን ሌባ እናስባለን፤ በቤት ውስጥ ያለውን ኀዘን አናስብም። ተስፋ የመቁረጥ ብርቱ ሰዓት ብዙውን ጊዜ አላፊ ነው፤ የሚያልፈውም ጊዜ ሲያገኝ ነው። ይህች ሽጉጥ ለተኳሹ የምትሰጠው ዝግታ ለተጨነቀ ሰው አይደርስለትም፤ ለእርሱ የሚበቃው አንድ ጥይት ነውና። የወገኖቻችንን ኑሮ ስናስብ ይህ ይበልጥ ያስጨንቀናል፤ የሌሊት ሥራ፣ ብቸኝነት፣ ከአገር ቤት የሚጠበቅ ገንዘብ፣ ያልተሳካለት ሰው የሚሰማው ዕፍረት፣ ሕመሙንም ለጓደኛ እንኳ መናገር ነውር መሆኑ። በቤቱ እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ባለቤት፣ ያ ሰው ራሱም ይሁን ወንድሙ ወይም ልጁ፣ ሽጉጧን አውጥቶ በታመነ ሰው ወይም ሕጉ በሚፈቅደው ስፍራ በአደራ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ይህን ማድረግ መብትን መተው አይደለም። የሚያዋዩት ሰው ላጣም በዚያ አገር በሌሊትም ሆነ በቀን 988 ብሎ መደወል ይቻላል።

«ነገር ግን ራስንና ቤተሰብን መጠበቅስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ቤተ ክርስቲያን ሕይወትን ከአጥቂ ለመከላከል በተመጣጠነ ኃይል መጠቀምን አትኰንንም፤ ቅዱስ ቶማስም የተከላካዩ ሐሳብ ሕይወትን ማዳን ከሆነና ኃይሉም ከልክ ካላለፈ ድርጊቱ የተፈቀደ ነው ይላል። እንግዲህ የባለቤቱ ሐሳብ ምንድን ነው? ለጨዋታ የተገዛች ሽጉጥ ባዶዋን ሆና፣ ተቆልፎባት፣ ጥይቷም ለብቻው ተለይቶ መኖር አለባት። ለመከላከያ የተያዘች ግን ጎርሳ በእጅ አጠገብ ትጠበቃለች። አንዲት ሽጉጥ ሁለቱን በአንድ ሌሊት ልትሆን አትችልም። «ለዒላማ ነው የገዛኋት፤ ግን ምን ይታወቃል» ብሎ አጉርሶ በመሳቢያ የሚያኖር ሰው ለራሱ አንድ ነገር፣ ለቤተሰቡ ሌላ ነገር እየተናገረ ነው። ደግሞም መዶሻዋ በየተኩሱ የሚሳብ፣ ጥይቷ አነስተኛ የሆነ ሽጉጥ በጨለማና በድንጋጤ ለሚሆን መከላከል የተመቸች አይደለችም፤ ይህን ሻጮቹም አይክዱትም። ስለዚህ ለምን እንደሚገዛት ከመግዛቱ በፊት በሐቅ መወሰን የባለቤቱ የመጀመሪያ ግዴታ ነው። ከገዛ በኋላ የሚወሰነው በአመዛኙ የቆለፈበትን ወይም ያልቆለፈበትን ለማጽደቅ የሚፈለግ ምክንያት ይሆናል።

አንድ ነገር እንጨምር። ሽጉጥ የሌለውም ሰው ከዚህ ጉዳይ ነፃ አይደለም፤ ልጁ ባለው ቤት ሊጫወት ይሄዳልና። በእኛ ባህል የሰውን ጓዳ መጠየቅ ነውር ነው፤ በተለይም እንጀራ ያቀረበን ሰው። ነገር ግን ልጁ ለውዝ ሲበላ እንደሚያብጥ ለአስተናጋጇ የሚነግር ወላጅ አያፍርም፤ ውሻቸው ይናከስ እንደሆነም ይጠይቃል። «እትዬ፣ ልጁ ነካ ነካ ማድረግ ይወዳል፤ ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ተቆልፎበት ይሆን?» ብሎ መጠየቅም ከዚህ የሚለይበት ምክንያት አይታየንም። መሣሪያ ያላት አስተናጋጅ ቁልፉ የት እንዳለ ሳትናገር «አዎን፣ ተቆልፎበታል» ብትል በቂ ነው። ማመንታቷን ያየ ወላጅ ደግሞ ልጆቹ በእርሱ ቤት እንዲጫወቱ ሊጋብዝ ይችላል።