«ወፈረልኝ» ያለችኝ እናት

ልጄ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ አሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ሕክምና እንደ ደረሰሽ አባትሽ ለሚ ከተማ ገበያ ላይ አግኝተውኝ ነገሩኝ። የሕፃናት ኩላሊት ተመራማሪ መሆን እንደምትፈልጊም ሰማሁ። እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ዕድሜዬን በጤና ረዳትነት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ግን ያጠፋሁት አንድ ጥፋት አለና ከምክር በፊት እሱን ልንገርሽ።

ገና ጎረምሳ ሳለሁ ነው። አንዲት እናት ከጀማ ቆላ ዳገቱን ወጥታ፣ አምስት ዓመት የሚሆነውን ልጇን አዝላ መጣች። ያመጣችው ለእግሩ ቁስል ነበር፤ እሱም ደርቆ ሊድን ደርሷል። «ደግሞ ሰሞኑን ወፈረልኝ» አለችኝ ጉንጩን እየዳበሰች። እኔም ሳቅሁና ቅባት ሰጥቼ ሸኘኋት። ሚዛኑ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ አልመዘንኩትም። ቅልጥሙን በአውራ ጣቴ ጫን ብለው ኖሮ ጣቴ ያረፈበት ጎድጉዶ ይቀር ነበር። ስለ ሽንቱ ብጠይቃት «እንደ ጠላ ጠቁሯል» ትለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ዓይኑ በእብጠት ተከድኖ፣ ትንፋሽ አጥሮት ተመለሰ። ሆስፒታል ተልኮ እግዜር አተረፈው። እኔ ግን ያን ሳቄን ዛሬም አልረሳሁትም።

ልጁ ውኃ ቋጥሮ እንጂ ወፍሮ አልነበረም። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ቆዳ ወይም ጉሮሮ ካቆሰለ በኋላ፣ ሰውነት እሱን ሲዋጋ የሚሠራው ነገር ከሳምንታት በኋላ የኩላሊትን ማጣሪያ ያሳብጣል። ያኔ ጨውና ውኃ መውጫ ያጣሉ፤ የደም ግፊትም ይጨምራል። ይህን ለመጠርጠር ሚዛን፣ አውራ ጣትና አንድ ጥያቄ ይበቃኝ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ መዝኚ፣ ለኪ፣ ጻፊ። የገባውን ፈሳሽ፣ የወጣውን ሽንት፣ የጠዋቱን ኪሎ።

ቁጥር ግን ደግሞ ያሳስታል። ማልኮም ሆሊዴይ የሚባል አሜሪካዊ የሕፃናት ኩላሊት ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ከዊሊያም ሲጋር ጋር ሆኖ፣ መጠጣት ላልቻለ ልጅ በቀን የሚሰጠውን ፈሳሽ ቀመር አወጣ፦ ለመጀመሪያው 10 ኪሎ በየኪሎው 100 ሚሊ ሊትር፣ ለሚቀጥለው 10 ኪሎ 50፣ ከዚያ በላይ ላለው 20። የ12 ኪሎ ልጅ 1,100 ይደርሰዋል ማለት ነው። ዓለም በዚህ ቀመር ሠራ። ኋላ ግን በቀመሩ መሠረት የሚሰጠው ጨው ያነሰው ፈሳሽ የአንዳንድ ልጆችን የደም ሶዲየም አውርዶ አንጎላቸውን እንደሚያሳብጥ ታወቀ። ሆሊዴይ በስተርጅናው ስሜ ይነካል ብሎ አልተደበቀም፤ የራሱን ሥራ አንሥቶ መረመረና ጨዋማው ፈሳሽ እንዲቀድም፣ መጠኑም እንዲቀንስ ጻፈ። እኔ ከቀመሩ ይልቅ ይህን አከብርለታለሁ።

«ከእኛ አገር ተነሥቶ ማን ትልቅ ተመራማሪ ይሆናል?» እንዳትዪ። የሕፃናት ሐኪሙ ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ፋኩልቲ ዲን የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዳካ ያለውን ዓለም አቀፉን የተቅማጥ በሽታ ምርምር ማዕከል መርተዋል። በኋላም የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ መሥራች ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የምንለው ጨውና ስኳር፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በኮሌራ ሕሙማን የተፈተነው የማዕከሉ ቀዳሚ በነበረው ቤተ ሙከራ ነው። ስኳሩ ጨዉን እጁን ይዞ በአንጀት ግድግዳ ያሻግረዋል፤ ውኃውም ይከተላል። ይህም ከኩላሊትሽ ሩቅ አይደለም። ተቅማጥ የጠናበት ልጅ ፈሳሹ ሲያልቅ ኩላሊቱ ደም ያጣና ሥራ ያቆማልና፣ በአንድ ሊትር ውኃ የምትበጠበጠው የዚህ ንጥረ ነገር ፓኬት ኩላሊትም ትጠብቃለች።

አሁን ከመሄድሽ በፊት አንድ ደብተር ግዢ። ያየሽውን ልጅ ሁሉ ኪሎና ሽንት ጻፊበት፤ ስሙን ግን ተዪው። ለገና ለሚ ስትመጪ ደብተሩን አሳዪኝ። በደንብ የለካሽውን ሳይሆን የሳትሽውን ገጽ ነው አስቀድሜ የምጠይቅሽ። ባዶ ከሆነ አላምንሽም።

ይቅናሽ።