የእናት ስልክ ቁጥር

ባለፈው ሰሞን አንድ የዶርም ጓደኛችን ታክሲ ውስጥ ስልኩን ተሰረቀ። ይኸ አዲስ ነገር አይደለምና ብዙም አልገረመን። የገረመን የኋለኛው ነው። እናቱ ማታ ደውለው ሲያጡት እንዳይደነግጡ ብለን የአንዳችንን ስልክ ሰጠነውና «በል ደውል» አልነው። ልጁ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ዜሮ ዘጠኝ አለ፤ ሁለት አሃዝ ጨመረ፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ! ማታ ማታ የሚያናግራቸውን የገዛ እናቱን ቁጥር አያውቀውም። የሚብሰው ደግሞ፣ በሰባት ዓመቱ ይደውልበት የነበረውን የጎረቤት የመስመር ስልክ ቁጥር አንድም ሳይሳሳት ወረደልን፤ መስመሩ ግን ከተቋረጠ ቆይቷል።

ሳቅንበት። ዳሩ ግን ሳቃችን ሳያልቅ እርስ በርስ መተያየት ጀመርን። ለመሆኑ እኛስ?

ስሞታው አዲስ እንዳልሆነ እናውቃለን። ፕላቶ (የኛ ሊቃውንት አፍላጦን የሚሉት) ከ2,300 ዓመታት በላይ በፊት «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሰቱ፣ ቴውት የተባለ የግብፅ አምላክ ጽሕፈትን ፈልስፎ ለንጉሡ ለታሙስ ሲያቀርብ፣ ንጉሡ «ይኸ ነገር ሰውን ዘንጊ ያደርገዋል» በሚል ሐሳብ እንደ ነቀፈበት ይተርካል። ይህን ያወቅነው ግን ፕላቶ ስለ ጻፈው ነው! እንግዲህ አንዱ ባልንጀራችን «ዘመን በተለወጠ ቁጥር የሚለቀስ ለቅሶ ነው፤ ጽሕፈት መጣ፣ ሰው አልደነዘዘም» ቢለን ልንቆጣው አንችልም።

እ.ኤ.አ. በ2011 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ቤትሲ ስፓሮው ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ ሰዎች ዓረፍተ ነገሮችን በኮምፒዩተር እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። ጽሑፉ ይቀመጣል የተባሉት፣ ይሰረዛል ከተባሉት ያነሰ አስታወሱ። ነገሩን ራሱን ከማስታወስ ይልቅ የተቀመጠበትን ፎልደር ማስታወስ የቀለላቸውም ተገኙ። (ከጥናቱ ሙከራዎች አንዱን ሌሎች በ2018 ደግመውት ያው ውጤት አልወጣምና ሁሉንም እንደ ወንጌል አንይዘውም።) የኛን ክፍል ያየ ሰው ግን ጥናትም አያሻው። መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ዘወር ሲል ሠላሳ ስልክ ብድግ ይላል፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ አለቀ። «ይዤዋለሁ» እንላለን። ማን ነው የያዘው?

እስቲ የቅኔ ቤቱን ተማሪ እናስበው። ግሱን የሚያወርደው፣ ታሪኩንና ምሳሌውን በቃሉ የሚይዘው ፊደል ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር፣ ሰሙን ከወርቁ ለማገናኘት ሲታገል፣ ከዓመት በፊት የሰማው አንድ ቃል ድንገት ከተፍ ይልለታል። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ስልክ ውስጥ ያለው እስክንጠራው ይጠብቃል፤ ልባችን ውስጥ ያለው ግን ሳይጠራ ይመጣል፤ አንዳንዴም ባልፈለግነው ሰዓት መጥቶ ይሞግተናል። ጉግልን ለመጠየቅ መጀመሪያ ጥያቄው ሊኖረን ያስፈልጋል፤ ጥያቄ ደግሞ የሚወለደው አዲሱ ነገር ቀድሞ ከያዝነው ጋር ሲጋጭ ነው። በባዶ ቤት ምን ከምን ይጋጫል?

ሽምደዳን ማወደሳችን አይደለም። ለፈተና ሸምድደን በማግሥቱ ያራገፍነው ስንት ነው (ይኸን ጥበብ እኮ ያለ ስልክም እንችልበታለን)። የሎጋሪዝም ሰንጠረዥ በቃሉ የሚይዝ ሰውም አያሻንም፤ ካልኩሌተሩ ይያዝልን።

የሰው ነገር ሲሆን ግን ይለያል። ስልኩ የጓደኛችንን ልደት ያስታውሰናል፤ እኛ «እንኳን ተወለድክ» ብለን እንልካለን። ታዲያ ማን አሰበው? አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው፤ ስናሰላስልም «እናስባለን»፣ የሚለየንን ሰው ስንማጸንም «አስበኝ» እንላለን። አንዱን ለመሣሪያ አስረክበን ሌላውን ማስቀረት እንችል ይሆን? እኛ እንጃ እንላለን።

ጓደኛችን ያን ማታ ሳይደውል አደረ። እናቱም እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር አድረው ኖሯል፤ በማግሥቱ በዘመድ በኩል ተገናኙ። አሁን ቁጥራቸውን በትልቁ ጽፎ ከራስጌው ለጥፎታል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀን አራታችንም ስልካችንን ኪሳችን ከትተን የየእናታችንን ቁጥር ወረቀት ላይ ለመጻፍ ሞከርን። ሁለታችን ሞላነው። አንዱ ስምንተኛው አሃዝ ላይ ቆመ። አንደኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ስልኳን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች።