የመቀናጆ በሬና ምትኩ መምህር

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል። የእርሱና የጎረቤቱ በሬ በአንድ ቀንበር ተጠምደው የሁለቱም ማሳ ተራ በተራ ይታረሳል። በዚህ መቀናጆ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ሕግ አለ፤ ይኸውም የሰው በሬ ከራስ በሬ ይበልጥ ይጠበቃል የሚል ነው። ጫንቃው እንዳይላጥ ይታያል፤ ፀሐይ ሲበረታ ቶሎ ይፈታል፤ ገደል ባለበት አይነዳም። ለምን ቢሉ፣ ማታ ወደ ጌታው ይመለሳልና ነው። ቢሰበር ምን ተብሎ ይመለሳል?

እነሆ፣ ዛሬ በዚህ ገጽ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ከዚሁ የሚነሣ ነው። በሌላ ሰው ቦታ ለጊዜው ተተክቶ የሚሠራ መምህር ከአሠሪው ምን ይገባዋል? እርሱስ በበኩሉ ምን ግዴታ አለበት? ነገሩ የሩቅ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ወይም ገንዘብ ሲያጥረን አገር ቤት ገብተን፣ ለወሊድ በወጣች ወይም በታመመ መምህር ቦታ ጠመኔ ያነሣን ከመካከላችን ጥቂቶች አይደለንም።

ከጓደኞቻችን አንዱን ያጋጠመውን እናውጋ። የእርሱንም የትምህርት ቤቱንም ስም እንተወው። ከቡሬ በታች ባለ ገጠር፣ ለወሊድ በወጣች መምህርት ምትክ መስከረም ላይ ገባ። ክፍሉ በባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞ በጭቃ የተመረገ ነው። የአንዱን ጎን ቋሚዎች ምስጥ በልቷቸው ግድግዳው ወደ ውስጥ ዘሟል። በሁለተኛው ቀን ወደ ርእሰ መምህሩ ሄዶ ተናገረ። ያገኘው መልስ ይህ ነበር፤ «መምህር፣ አንተ እኮ ለሦስት ወር ነው የመጣኸው። ግድግዳው ከአንተ በፊት ነበረ፤ ከአንተም በኋላ ይኖራል።»

ጓደኛችንም «ምን ይደረግ» ብሎ ዝም አለ። የልጆቹን መቀመጫ ከዘመመው ግድግዳ ትንሽ አራቀ፤ ራሱ ግን እዚያው ሥር ቆሞ ማስተማሩን ቀጠለ። በመካከሉ ወባ ጣለው። የተኛባቸው ቀናት «ጊዜያዊ ነህ» ተብሎ ከደመወዙ ተቆረጡ። በጥቅምት መጨረሻ ሳይታሰብ የመጣ ዝናብ ግድግዳውን በአንድ ሌሊት ዘረገፈው። ሌሊት በመሆኑ ማንም አልተጎዳም። ጠዋት ግን ፍርስራሹን ለማንሣት ከመጡት የተማሪ አባቶች አንዱ ቀና ብለው አዩትና፣ «አንተ መምህር፣ አይተኸው ነበር ወይ?» አሉት።

ይህ ጓደኛችን እስከ ዛሬ ሲያወራ የሚያነሣው ወባውን አይደለም፤ የተቆረጠውን ገንዘብም አይደለም። ያችን ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው። የርእሰ መምህሩ አነጋገር ላይ ላዩን ሲያዩት ክፋት የለበትም። ውስጡ ግን አንድ የተደበቀ ሐሳብ አለ። ይኸውም፣ የሰውየው ቆይታ አጭር ስለሆነ የሚገባው ጥንቃቄም አጭር ነው የሚል ነው። ለመሆኑ አደጋ ወር ይቆጥራል? ቅጥሩ ጊዜያዊ ሊሆን ይችላል፤ ገላ ግን ጊዜያዊ የለውም። ግድግዳ የተጫነው ሰው የቋሚም ሆነ የምትክ አጥንቱ አንድ ዓይነት ነው የሚሰበረው።

እንዲያውም እንግዳው የባሰ ይጋለጣል። በምዕራብ ጎጃም ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ትምህርት የሚከፈተውም በመስከረም ነው። ከደጋ የወረደ ምትክ መምህር ሥራ የሚጀምረው እንግዲህ በሽታው አፉን በከፈተበት ወር ነው። «ቡሬ እኮ ቆላ አይደለም» የሚል ቢኖር፣ በ1958 እ.ኤ.አ. የተነሣውን ወረርሽኝ ያስታውስ። ያ ወረርሽኝ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ያለውን የኢትዮጵያን ምድር መትቶ፣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመበትና 150,000 ያህል ሰው እንደሞተበት ይገመታል። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም በዚሁ ከፍታ ውስጥ ናቸው። የሰፈሩ ሰው ይህን ከአያቱ ሰምቶ ያውቃል፤ አጎበሩንም ይዘረጋል። እንግዳው ካልተነገረው ከየት ያውቃል?

ሕጉስ ምን ይላል? የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 10፣ በፈቃድ ወይም በሕመም ለጊዜው የተለየን ሠራተኛ ለመተካት በተወሰነ ጊዜ መቅጠርን ይፈቅዳል። ምትክ ማለት እንግዲህ ሕግ የሚያውቀው ሠራተኛ ነው። ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 92 አሠሪውን የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ ስላለውም አደጋ እንዲያስረዳው ያዛል። ቋሚውንና ጊዜያዊውን አይለይም። እርግጥ ይህ አዋጅ የሚሠራው ለግል ትምህርት ቤቶች ነው፤ የመንግሥት መምህር በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይተዳደራል። ከሁለቱም በላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የሠራተኞች መብት መሆኑን ይደነግጋል።

ታዲያ ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ጓደኛችን ለምን ዝም አለ? በእኛ ግምት አንዱ ምክንያት እኛ ተማሪዎች ያደግንበት አስተሳሰብ ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ተማሪ ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልከው ነበር፤ አብዛኛውም በመምህርነት ነው የሠራው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ዘመተ፤ ያልተመለሱም ነበሩ። ታላላቆቻችን «ለሕዝባችን ምን እንስጥ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ክቡር ነው፤ አናቃልለውም። ነገር ግን የሚሰጥ ሰው የሚገባውን ሲጠይቅ እንደ ስስታም መቆጠሩን አብረን ወረስን። «ሕፃናት በዳስ ሲማሩ አንተ ስለ ግድግዳ ታወራለህ?» ሲባል አንገታችንን እንደፋለን።

ይህ ክርክር ሊናቅ አይገባም። አገራችን ድሀ ናት፤ ሁሉም ክፍል በብሎኬት እስኪሠራ ትምህርት ይቁም ብንል ሕፃናቱ ናቸው የሚጎዱት። ሆኖም ምትኩ መምህር የሚጠይቀው መጀመሪያ ብሎኬት አይደለም። በገባ ዕለት የትኛው ግድግዳ እንደዘመመ፣ የትኛው ወንዝ ሲሞላ እንደማይሻገሩት፣ ወባው መቼ እንደሚነሣ እንዲነገረው ነው። ክፍሉ ካሠጋ ዋርካ ሥር ላስተምር ሲል እንዳይከለከል ነው። ይህ ምን ያህል ብር ይፈጃል? ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ፤ መብትን ብቻ ቆጥሮ መተው ለጓደኛ ማድላት ይሆናልና። በሬው አይናገርም። መምህር ግን ይናገራል። ምሳሌያችን የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። ካንት የተባለው የጀርመን ፈላስፋ በ1785 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ፣ ሰው የሌላ ዓላማ መሣሪያ ብቻ ተደርጎ ሊያዝ እንደማይገባው አስተምሯል፤ ይህ ደግሞ ራስንም ይጨምራል። ጓደኛችን «እኔ ክፍተት መሙያ ነኝ» ብሎ በተቀበለ ጊዜ ራሱን እንደ ዕቃ ቆጠረ። ዕቃ ደግሞ ኃላፊነት የለበትም። ዝምታው የመጣው ከዚያ ነው። አዋጁም ቢሆን በአንቀጽ 93 ሠራተኛው ያየውን ጉድለት ለአሠሪው እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። እርሱ አንድ ጊዜ አስታውቋል። ለሕግ ይበቃ ይሆናል። ለኅሊና ግን አልበቃም፤ ያ ግድግዳ በልጆቻቸው ራስ ላይ ለዘመመባቸው አባቶች አልነገረምና። የእርሱ ቆይታ ሦስት ወር ነው፤ የልጆቹ ግን ዓመታት ነው። ርእሰ መምህሩ «ከአንተ በኋላ ይኖራል» ሲለው መናገር የነበረበት ስለዚሁ ነው።

በተለይ በዚህ ዘመን ይህ ጥያቄ ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከሥራቸው የተለዩ መምህራንም አሉ። አንዱ ለሕይወቱ ፈርቶ በለቀቀው ወንበር ሌላውን ስናስቀምጥ አደጋውን አላስወገድነውም፤ የሚቀበለውን ሰው ብቻ ለወጥነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣውና ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው 155ኛው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት፣ ለሕይወቱ የሚያሠጋ ከባድና ፈጥኖ የሚደርስ አደጋ መኖሩን በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው የራቀ ሠራተኛ ያላግባብ እንዳይጎዳ ይጠይቃል። ምትክ አድርጎ የሚልክም የሚላክም ይህን ይወቅ።

በመጪው ክረምት ወይም በመስከረም ጠመኔ የምታነሡ ወንድሞችና እህቶች፣ የምንላችሁ ይህን ነው። በገባችሁበት ቀን ክፍሉን ዞራችሁ እዩ። ያያችሁትን ለርእሰ መምህሩ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ስጡ፤ ቅጂውንም ያዙ። ለወላጆችም ንገሩ፤ እንጨት ቆርጦ፣ ጭቃ አቡክቶ ግድግዳ የሚያቆመው እነርሱ ናቸውና።

ጓደኛችን ያን ጠዋት ለሽማግሌው ምን ብሎ እንደመለሰ ጠይቀነው ነበር። «አዎ፣ አይቼው ነበር አልሁ» አለን። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው አንዱን ምስጥ የበላው ቋሚ አነሡ፤ እርሱም ሌላውን አነሣ።